ትልቅ ጎማ ለትንሽ አይሮፕላን

(በሬዲዮ የተነገረ ንግግር)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ጕዳይ በአርእስቱ ብቻ ሲታይ ከጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ኑሮ በጣም የራቀ ይመስላል። ነገሩ አንድ ሰው በገዛ እጁ በሠራት ትንሽ አይሮፕላን ላይ ከቀድሞው የሚበልጥ ጎማ ለመግጠም ቢፈልግ ምን ምን ማሰብ እንደሚገባው ነው። «እኛ አይሮፕላን ሠሪዎች አይደለንም፤ ይህ ለኛ ምን ይረባናል?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ታግሦ ቢከተለኝ፥ ጕዳዩ የጎማ ብቻ አለመሆኑን ራሱ ያገኘዋል ብዬ አምናለሁ።

ለዚህ ንግግር ያነሣሣኝ አንድ ደብዳቤ ነው። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በአይሮፕላን ጥገና ሥራ ሲሆን አሁን በጡረታ ላይ እገኛለሁ። የእኅቴ ልጅ ደግሞ በአሜሪካ አገር፥ በኮሎራዶ ግዛት፥ በዴንቨር ከተማ አጠገብ ይኖራል። ቀን ቀን እንደ ማንኛውም ሰው ለእንጀራው ይሠራል፤ ማታና በዕረፍት ቀን ግን በቤቱ ጋራዥ ውስጥ ሁለት ሰው የምትይዝ አንዲት አይሮፕላን ሲሠራ ስምንት ዓመት ሙሉ ቈየ። በመጨረሻም ሥራው ተፈጽሞ፥ አይሮፕላኗ በረረች። ከዚያ በኋላ እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፤

«ጋሼ፤ አይሮፕላኗ በአየር ላይ እንደ ተመኘኋት ናት። ችግሬ በምድር ላይ ነው። የማርፍበት ሜዳ ሣር ነው፤ ዝናም በዘነበ ቍጥር ትንንሾቹ ጎማዎች ይሰምጣሉ፤ በደረቁም ጊዜ የአውሬ ጕድጓድ አለበት። ስለዚህ ትልልቅ ጎማዎች ለመግጠም ቈርጫለሁ፤ አንድ ቅዳሜ ብቻ ይበቃኛል። እናቴ በሐምሌ ወደዚህ ስለምትመጣ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪዬ እርስዋ እንድትሆን ቃል ገብቼላታለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

እናቱ ያላት እኅቴ ናት። ስለዚህ ደብዳቤውን አንድ ጊዜ ብቻ አንብቤ መልስ ለመስጠት አልቻልሁም።

ወደ ጕዳዩ ከመግባቴ በፊት ሰው በቤቱ አይሮፕላን ይሠራል ሲባል የሚደነቅ ይኖር ይሆናልና ስለዚሁ ጥቂት ልናገር። በዚህ ንግግር የማነሣቸው ዓመታት፥ የኛን አቈጣጠር ካልጠቀስሁ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። ወንድማማቾቹ ራይቶች በ1903 የበረሩባትን መኪና የሠሩት በቢስክሌት ሱቃቸው ነበር፤ እርስዋም ጭራሽ ጎማ አልነበራትም። በሐዲድ ላይ ተንደርድራ ትነሣና በእንጨት መንሸራተቻ ላይ ታርፍ ነበር። በ1929 በሚኔሶታ ግዛት በርናርድ ፒተንፖል የተባለ ሰው በእንጨትና በጨርቅ የሠራትን አይሮፕላን በፎርድ መኪና ሞተር አበረራት፤ በንድፏም ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ ይሠሩባታል። በ1953 ፖል ፖበረዝኒ በሚልዋኪ ከተማ እንዲህ ያሉትን ሠሪዎች የሚያሰባስብ ማኅበር አቋቋመ፤ ማኅበሩም ከ1970 ጀምሮ ዓመታዊ ትርኢቱን በኦሽኮሽ ከተማ ያደርጋል። ቫንስ የተባለው የኦሬጎን ድርጅት በሣጥን አሽጎ ከሚሸጣቸው ዕቃዎች ተገጣጥመው የበረሩት «አርቪ» የተባሉ አይሮፕላኖች ብቻ ከዐሥር ሺሕ ይበልጣሉ።

እኛም ብንሆን ለነገሩ ፈጽሞ ባዕድ አይደለንም። በ1935 ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ከጀርመናዊው መሐንዲስ ከሉድቪግ ቬበር ጋራ ሆነው በአዲስ አበባ የሠሯት «ፀሐይ» የተባለችው ትንሽ አይሮፕላን በጠላት ወረራ ወደ ኢጣልያ ተወስዳ፥ ብዙ ዘመን ኖራ፥ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በኛ አቈጣጠር ለአገራችን ተመልሳለች።

አሁን ወደ ጎማው እንመለስ። በአይሮፕላን ጎማ ጐን ላይ «5.00-5» ወይም «8.50-6» የሚል ቍጥር ታገኛላችሁ። ፊተኛው ቍጥር የጎማውን ውፍረት፥ ኋለኛው ደግሞ የሚገባበትን የቸርኬውን ስፋት በኢንች ይናገራል። የእኅቴ ልጅ አይሮፕላን ዋና ጎማዎች «5.00-5» ናቸው፤ ቁመታቸው 36 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እርሱ የተመኛቸው «8.50-6» ሲሆኑ 56 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆማሉ። በሁለቱ መካከል «6.00-6» የተባለ አለ፤ ቁመቱም 44 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እነዚህን ሦስት ቍጥሮች፥ 36፥ 44 እና 56ን፥ በልባችሁ ያዙልኝ።

የልጁ ሐሳብ ከንቱ አይደለም፤ እውነት አለበት። በመጀመሪያ ስለ መስመጥ እንመልከት። አንድ ጎማ 200 ኪሎ ቢሸከምና የተሞላበት ነፋስ በእያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ 2 ኪሎ ቢገፋ፥ ጎማው መሬቱን የሚረግጠው በ100 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል ቦታ ላይ ነው፤ ይህም በአራቱም ጐን ዐሥር ዐሥር ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ትልቅ ጎማ ግን በትንሽ ነፋስ ሊሠራ ይችላል። ነፋሱ ወደ ግማሽ ኪሎ ቢወርድ፥ ያው 200 ኪሎ በ400 ካሬ ሳንቲ ሜትር ላይ ይከፋፈላል። በጭቃ ውስጥ በሹል ጫማ የሚሄድና በሰፊ ጫማ የሚሄድ ሰው እኩል አይሰምጡም፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ስለ መሰናክል ነው። 5 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ድንጋይ በጎማው ፊት ቢቆም፥ ጎማውን እንደ ብረት ጠንካራ አድርገን ብናስበው፥ ትንሹ ጎማ ድንጋዩን ለመውጣት የሚያስፈልገው ግፊት ከተሸከመው ክብደት ጋራ ሊተካከል ጥቂት ይቀረዋል። ለትልቁ ጎማ ግን ከዚያ ክብደት ከዐሥር እጅ ሰባቱ ይበቃዋል። ግፊቱ ሁሉ በአይሮፕላኗ እግር ላይ የሚያርፍ ስለ ሆነ፥ ልዩነቱ እግሩ በመቆሙና በመሰበሩ መካከል ሊሆን ይችላል።

የአላስካ ግዛት አብራሪዎች በወንዝ ዳር ጠጠርና በረግረግ ላይ ሲያርፉ 31 ኢንች፥ ማለት 79 ሳንቲ ሜትር ያህል የሚቆሙ፥ ነፋሳቸው እጅግ ያነሰ ጎማዎች የሚገጥሙት ስለዚሁ ነው። የጥንቶቹም አይሮፕላኖች መንኰራኵር እንደ ቢስክሌት መንኰራኵር ረዥም የነበረው ሜዳው ሁሉ ሣር ስለ ነበረ ነው። ፓይፐር ኩብ የተባለችው የታወቀች አይሮፕላን ከ1930ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በትንሽ ቸርኬ ላይ እንደ ዳቦ የወፈረ ለስላሳ ጎማ ይዛ ወጣች። በኋላ መንደርደሪያው በአስፋልት ሲሸፈንና ፍጥነት ሲፈለግ ጎማው እያነሰ ሄደ። እንግዲህ የጎማ መጠን ሜዳውን ይመስላል፤ የእኅቴም ልጅ የሜዳውን ነገር ማሰቡ ትክክል ነው።

ስሕተቱ «አንድ ቅዳሜ ይበቃኛል» ባለው ላይ ነው። ጎማውን መግጠም በእርግጥ የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው፤ ጎማው ያስከተለውን ሁሉ መመርመር ግን የብዙ ቅዳሜ ሥራ ነው። ይህን የተማርሁት በመጽሐፍ አይደለም።

ወጣት ሳለሁ፥ ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ አንድ የእርሻ ሥፍራ፥ መድኀኒት የምትረጭ ትንሽ አይሮፕላን እጠግን ነበር። የዝናሙ ወራት ሲበረታ አይሮፕላኗ በጭቃ ተይዛ ሥራ ትፈታ ጀመር። እኔም ብልኀተኛ መስዬ ለመታየት ከዕቃ ቤት ትልልቅ ጎማዎች አውጥቼ ገጠምሁላት። አብራሪው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ፤ «ፍሬኑን አይተኸዋል?» አለኝ። «ፍሬኑ ደኅና ነው» አልሁት፤ በእውነትም ደኅና ነበር። በጭቃው ላይ ሁለት ሳምንት ያለ ችግር ተሠራባት፤ እኔም ተመሰገንሁ። በሦስተኛው ሳምንት ዝናሙ አባርቶ ሜዳው ደረቀ። አብራሪው ከለመደው ቦታ ጥቂት አልፎ አረፈ፤ ፍሬን ያዘ፤ አይሮፕላኗ ግን እንደ ቀድሞው አልቆመችለትም። በሜዳው ጫፍ ካለው ቦይ ገብታ ተገለበጠች። አብራሪው እጁ ተሰብሮ በሕይወት ወጣ። የሰው ነፍስ በኔ እጅ አለመጥፋቷን እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ያን ቦይ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ምን ሆነ? ነገሩ የተማሪ ቤት ሒሳብ ነው። ፍሬን የሚይዘው መንኰራኵሩን ነው፤ አይሮፕላኗን የሚያቆመው ግን ጎማው መሬቱን በረገጠበት ቦታ የሚገኘው ኀይል ነው። ጎማው በረዘመ መጠን፥ ያው ፍሬን በመሬት ላይ የሚያስገኘው ኀይል ይቀንሳል። ከ36 ወደ 56 ሳንቲ ሜትር ብንሄድ፥ ከቀድሞው የማቆሚያ ኀይል ከሢሶ በላይ እናጣለን። ከ36 ወደ 44 ብንሄድ ደግሞ የምናጣው ከአምስት እጅ አንድ እጅ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። በጭቃው ጊዜ ጭቃው ራሱ ፍሬን ሆኖልኝ ስለ ነበር ጕድለቴ ተሸፍኖ ቆየ፤ ሜዳው ሲደርቅ ግን ተገለጠ። ፍሬኑ ደኅና ነበር፤ ጎማውም ደኅና ነበር፤ ደኅና ያልሆነው የሁለቱ ስምምነት ነበር።

ከፍሬን በኋላ የሚመጣው የአቋም ነገር ነው። የእኅቴ ልጅ አይሮፕላን ሦስተኛ ጎማዋ ከአፍንጫዋ ሥር ነው። ሁለቱ ዋና ጎማዎች ብቻ ቢተልቁ ኋላዋ በ10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ አፍንጫዋ ግን በነበረበት ይቀራል። በአፍንጫው ጎማና በዋናዎቹ መካከል 1 ሜትር ከ30 ቢኖር፥ አይሮፕላኗ ወደ ፊት 4 ዲግሪ ያህል ታጐነብሳለች ማለት ነው። ያጐነበሰች አይሮፕላን ስትንደረደር ለመነሣት አፍንጫዋን ይበልጥ ማንሣት አለባት፤ ስታርፍም ክብደቷ ወደ አፍንጫው እግር ይሮጣል፤ ያም እግር ከሁሉ ደካማው ነው። ከዚህም በላይ ከአፍንጫው ጎማ ፊት ለፊት የሚሽከረከረው ውልብልቢት ወደ መሬት ይቀርባል። በፋብሪካ ለሚሠሩ ትናንሽ ባለ አፍንጫ ጎማ አይሮፕላኖች ለብዙ ዓመታት ተጽፎ የኖረው የአሜሪካ ደንብ በውልብልቢቱና በመሬቱ መካከል ቢያንስ 7 ኢንች፥ ማለት 18 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲኖር ያዝዝ ነበር። በቤት ለተሠራች አይሮፕላን ደንቡ ባያስገድድም፥ ድንጋይ ደንብ አይለይም። ስለዚህ ዋናዎቹን የለወጠ የአፍንጫውንም መለወጥ፥ የአፍንጫውን የለወጠ የያዘውን ሹካ መለካት ግድ ይሆንበታል። አዲስ ጎማ ነፋስ ከተሞላ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ስለሚለጠጥ፥ ዛሬ ሹካውን ሳይነካ ያለፈ ጎማ ነገ ሊነካው ይችላል።

ሦስተኛው ክብደት ነው። አዲሱ ጎማና ቸርኬ በጠቅላላው 8 ኪሎ ቢጨምሩ፥ ይህ 8 ኪሎ ከተሳፋሪ ወይም ከነዳጅ ላይ ይቀነሳል፤ አይሮፕላን የምትሸከመው የተወሰነ ነውና። ክብደቱ የተጨመረበት ቦታ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው። 500 ኪሎ ከምትመዝን አይሮፕላን የክብደት መካከል በስተኋላ በ40 ሳንቲ ሜትር ላይ 8 ኪሎ ቢጨመር፥ መካከሉ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። «6 ሚሊ ሜትር ምንድን ነው?» ትሉ ይሆናል። ለሰፊ ሰው ምንም አይደለም፤ በወሰኑ ጫፍ ላይ ለቆመ ሰው ግን ወሰኑን ያሳልፈዋል። እርሱ በወሰኑ ጫፍ ላይ መሆኑንና አለመሆኑን የሚያውቀው በሚዛን እንጂ በግምት አይደለም።

አራተኛው ነፋስን የሚመለከት ነው። ከፊት ሲታይ ትልቁ ጎማ ከትንሹ ከሁለት እጥፍ ተኩል በላይ ስፋት አለው፤ የትንሹ ጎማ ማለስለሻ ሽፋንም ለትልቁ አይበቃውም። ነፋስ የሚያሳድረው ተቃውሞ ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር በአራት እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ አይሮፕላኗ በጕዞ ላይ ትዘገያለች፤ ለአንድ መንገድ የሚበቃት ነዳጅ አይበቃትም። ከሁሉም ይልቅ መታሰብ ያለበት፥ ሞተሩ ቢጠፋ ያለ ሞተር ተንሳፍፋ የምትደርስበት ቦታ ከቀድሞው ይቀርባል። «ያን ሜዳ እደርስበታለሁ» ያለ አብራሪ በአሮጌው ጎማ ይደርስ ነበር፤ በአዲሱ ላይደርስ ይችላል።

አምስተኛው የእግሩ ጥንካሬ ነው። አይሮፕላን መሬት በነካች ጊዜ ጎማዋ አይዞርም፤ መሬቱ በቅጽበት ጎትቶ ያዞረዋል። ጎማውና ቸርኬው በከበዱ መጠን መሬቱ እግሩን ወደ ኋላ የሚጎትተው በርትቶ ወይም ረዝሞ ነው። እግሩም ከሥሩ እስከ መሬት ድረስ በ10 ሳንቲ ሜትር ስለ ረዘመ፥ እንደ ረዥም መፈንቀያ የሥሩን ብሎኖች ይፈነቅላል። ነፋሱ ያነሰ ጎማ ደግሞ እንደ ኳስ ያነጥራል፤ ፍሬን ሲያዝም በቸርኬው ላይ ተንሸራቶ የውስጡን ጎማ ቫልቭ ሊቈርጥ ይችላል። ይህም የታወቀ ችግር ስለ ሆነ ለዱር ሜዳ ጎማ የሚሠሩ ሰዎች ቫልቩን በጎማው ጐን ላይ እስከ ማድረግ ደርሰዋል።

በመጨረሻ የአገሩ ከፍታ አለ። ዴንቨር ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በዚያ አየሩ ስለሚሳሳ፥ የፍጥነት መለኪያው ያንኑ ቍጥር እያሳየ አይሮፕላኗ መሬት ስትነካ በእውነቱ 8 በመቶ ያህል ትፈጥናለች፤ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው የሩጫ ኀይልም 17 በመቶ ያህል ይጨምራል። በኛ በአዲስ አበባ ከፍታ ቢሆን ጭማሪው ሩብ ያህል በሆነ ነበር። እንግዲህ ልጁ በአንድ እጁ የማቆሚያውን ኀይል ሲቀንስ፥ አገሩ በሌላው በኩል የሚቆመውን ይጨምርበታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሕጉ ይመጣል። በአሜሪካ አገር በቤት የተሠራች አይሮፕላን «የሙከራ» ተብላ ትመዘገባለች። ሠሪው የሥራውን አብዛኛውን ክፍል ለትምህርቱ ወይም ለደስታው ሲል ራሱ መሥራት አለበት፤ ፈቃድ ሲያገኝም ዓመታዊውን ምርመራ ራሱ ሊያደርግ ይችላል። በክብደቷ፥ በሚዛኗ፥ በጥንካሬዋ ወይም በአበራረሯ ላይ የሚታይ ውጤት የሚያመጣ ለውጥ ካደረገ ግን ለውጡ ከባድ ለውጥ ይባላል። በተለመደው የፈቃድ ወረቀት መሠረት ለመሥሪያ ቤቱ አስታውቆ፥ ቢያንስ 5 ሰዓት እንደ ገና የሙከራ በረራ ማድረግ ይገባዋል። የሙከራው ጊዜ እስኪፈጸም ድረስ ተሳፋሪ መያዝ ክልክል ነው። እናትም ብትሆን።

ወገኖቼ፤ እናንተ በየመሥሪያ ቤታችሁ የምታዘጋጁትን ወረቀት አስቡ። በግርጌው «አዘጋጀ»፥ «መረመረ»፥ «አጸደቀ» የሚሉ ሦስት መስመሮች አሉ። ብዙ ጊዜ ሥራ ያጓትታል ብለን እናማርረዋለን፤ እውነትም የሚያጓትትበት ጊዜ አለ። ነገር ግን የእኅቴን ልጅ ተመልከቱ። እርሱ ሠሪ ነው፤ መርማሪም ነው፤ አብራሪም ነው። በሦስቱም መስመሮች ላይ የሚፈርመው አንድ እጅ ነው። ሰው የገዛ ስሕተቱን የሚያየው የገዛ ጀርባውን በሚያይበት ዓይን ነው።

በፈረንሳይ አገር በ1933 አንሪ ሚኜ የተባለ ሰው ማንም ሠርቶ የሚበርባት ትንሽ አይሮፕላን አወጣ። በፈረንሳይና በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰዎች ሠሯት፤ ብዙ ሰዎችም ሞቱባት። በ1936 በሁለቱም አገሮች በትልቅ የነፋስ መሞከሪያ ቤት ስትመረመር ጕድለቱ ተገኘ። የፊተኛውና የኋለኛው ክንፍ እርስ በርሳቸው እጅግ ተቀራርበው ስለ ነበር፥ አይሮፕላኗ አንድ ጊዜ አጥብቃ ካዘቀዘቀች አብራሪው ሊያቀናት አይችልም ነበር። ክንፎቹ አልተሰበሩም፤ ሠሪዎቹም ሰነፎች አልነበሩም። የጎደለው፥ አንዱ ክፍል በሌላው ላይ የሚያደርገውን አስቀድሞ የሚመረምር ሁለተኛ ዓይን ነበር።

ስለዚህ ለልጁ እንዲህ ብዬ መለስሁለት። «ልጄ፤ አትግጠም አልልህም። ነገር ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም። በመጀመሪያ ሦስቱንም ጎማዎች በሦስት ሚዛን ላይ አቁመህ አይሮፕላንህን መዝን፤ ከዚያ የአዲሱን ጎማና ቸርኬ ክብደት ለብቻ መዝነህ የክብደቱን መካከል በወረቀት ላይ አስላ። ሁለተኛ፥ ትልቁን ትተህ መካከለኛው ለሜዳህ ይበቃ እንደ ሆነ መርምር፤ የሚያስፈልግህ የሣሩ ሜዳ ጎማ እንጂ የአላስካው አይደለም። ሦስተኛ፥ ፍሬኑን ከጎማው ጋራ አብረህ አሳድግ፤ የአፍንጫውንም ጎማ አትርሳ። አራተኛ፥ ነፋስ ከሞላህ በኋላ አንድ ቀን አሳድረህ ክፍተቱን ሁሉ እንደ ገና ለካ። አምስተኛ፥ በምድር ላይ በዝግታ፥ ቀጥሎም በፍጥነት እየሮጥህ ፍሬኑን ፈትን፤ የቆምህበትን ርቀት በእርምጃ ሳይሆን በሜትር ጻፍ። ከዚያ በኋላ ብቻ ብቻህን ብረር። ማኅበራችሁ የሌላውን ሰው ሥራ በነጻ የሚመለከቱ ልምድ ያላቸው አማካሪዎች አሉት፤ አንዱን ጥራና በሁለተኛው መስመር ላይ እርሱ ይፈርምልህ። ከዚህ ጋራ የአንድ አብራሪና የአንድ ቦይ ታሪክ ጽፌልሃለሁ፤ ቦይውን የቈፈረው ሌላ ነው፤ አይሮፕላኗን ወደ ቦይው የነዳት ግን ያጎትህ ሒሳብ ማጣት ነው።»

እኅቴ ይህን ስትሰማ ተቀየመችኝ። «ስምንት ዓመት የደከመበትን ልጅ በአንድ ጎማ ታስጨንቀዋለህ? ጎበዝ አይደለም ማለትህ ነውን?» አለችኝ። «ጎበዝ ባይሆንማ አይሮፕላኗ ባልበረረች፤ የምፈራው ጎበዝ መሆኑን ነው» አልኋት። ጎበዝ ሰው አንድ ነገር ሲሳካለት የሚቀጥለው ያለ ምርመራ የሚሳካ ይመስለዋል። እኔም በዚያ እርሻ ጎበዝ ነበርሁ።

ባለፈው ወር መልሱ መጣልኝ። የሚዛኑን ወረቀት ገልብጦ ልኮልኛል። በትልቁ ጎማ የክብደቱ መካከል ሻንጣ በተጫነ ጊዜ ከወሰኑ ያልፍ እንደ ነበር ራሱ አግኝቶታል። መካከለኛውን ጎማ መርጦ፥ የሚስማማውን ፍሬን ገጥሞ፥ የአፍንጫውንም ለውጧል። ከታዘዘው 5 ሰዓት ሁለቱን በርሯል። ከወረቀቱ ግርጌ በእጁ ሦስት መስመሮች አስምሮ፥ በመጀመሪያው ላይ የራሱ ፊርማ፥ በሁለተኛው ላይ የአማካሪው ፊርማ አለ፤ ሦስተኛው ገና ባዶ ነው። የእናቱም ጕዞ ከሐምሌ ወደ መስከረም ተዛውሯል። እኅቴ እስካሁን ኵርፊያዋን አልተወችም፤ እኔ ግን የሁለት ወር ኵርፊያ ርካሽ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ወገኖቼ፤ ነገ በየጠረጴዛችሁ ላይ «ትንሽ ማሻሻያ ናት» ተብሎ አንድ ወረቀት ይቀርብላችሁ ይሆናል። አንድ ቍጥር የሚለውጥ፥ አንድ መስመር የሚጨምር፥ አንድ ደረጃ የሚያልፍ ሊሆን ይችላል። ለውጡ ራሱ መልካም ሊሆን ይችላል፤ አትፍሩት። ነገር ግን ከመፈረማችሁ በፊት ያ አብራሪ እኔን የጠየቀኝን ጥያቄ ጠይቁ፤ «ፍሬኑን አይተኸዋል?» በሉ። መልሱ «ደኅና ነው» ብቻ ከሆነ፥ እንደ ገና ጠይቁ።

በደኅና ሰንብቱ።